ማስታወቂያ ሲናገር፦ ከጂቡቲ ወደብ ጋዜጦች ምን እንማራለን?



በጂቡቲ ከተማ ስንመላለስ የሱቁ በር፣ ግድግዳው፣ የአውቶቡሱ ጎን ሁሉ ያናግረናል። «ግዙ፣ ቅመሱ፣ ደውሉ፣ ዕድሉ አያምልጣችሁ» ይለናል። በእጃችን የያዝነው ስልክም እንዲሁ ነው። ይህ ሁሉ ማስታወቂያ ይባላል። ለመሆኑ ማስታወቂያ እንዴት ወደ እኛ መጣ? ማን ይከፍልበታል? እውነተኛውንስ ከሐሰተኛው እንዴት እንለያለን? በዛሬው ጽሑፋችን እነዚህን ጥያቄዎች፣ የዛሬ መቶ ዓመትና ከዚያ በፊት ከነበሩት ጋዜጦች ተነሥተን እንመለከታለን።

ጉዳዩ የታሪክ ትምህርት ብቻ አይደለም። ራሽኑን ሸጦ ወይም ከዘመድ ተበድሮ ጥቂት ገንዘብ ያጠራቀመ ስደተኛ ቤተሰብ፣ ያንን ገንዘብ በአንድ ሐሰተኛ ማስታወቂያ በአንድ ቀን ሊያጣው ይችላል። ስለዚህ ማስታወቂያን ማንበብ መቻል፣ ፊደል ከመቁጠር ቀጥሎ የሚመጣ ትልቅ ትምህርት ነው።

ከጋዜጣ በፊት

በአገራችን ጋዜጣ ከመምጣቱ በፊትም ማስታወቅ ነበር። የመንግሥት ትእዛዝ በገበያ ቀን ነጋሪት እየተጎሰመ በአዋጅ ይነገር ነበር። ነጋዴውም ዕቃውን የሚያስታውቀው በገዛ አፉ ነበር። ገበያተኛው ደግሞ ጨርቁን ዳስሶ፣ ቅቤውን አሽትቶ፣ ማሩን ቀምሶ፣ በዋጋው ተከራክሮ ይገዛ ነበር። ሻጩ ፊት ለፊት የሚታይ ሰው ነው። ቢያታልል በሚቀጥለው ገበያ ይገኛል፤ በሽማግሌም ሆነ በዳኛ ይጠየቃል።

የጋዜጣ ማስታወቂያ ይህን ልማድ ለወጠው። ሻጩ ከባሕር ማዶ ሊሆን ይችላል፤ ዕቃው አይዳሰስም፣ አይቀመስም። ገዢው የሚያገኘው ቃልና ሥዕል ብቻ ነው። ትልቁ ለውጥ ይህ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ጥቅምም ሆነ ጉዳት ሁሉ የተወለደው ከዚሁ ነው።

ሐዲድና ጋዜጣ

ዛሬ የምንኖርባት የጂቡቲ ከተማ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የተቆረቆረች ወደብ ናት። ፈረንሳዮች የግዛታቸውን መቀመጫ ከኦቦክ ወደ ጂቡቲ ያዛወሩት በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1894 እ.ኤ.አ. የምድር ባቡር እንዲሠራ ፈቃድ ሰጡ። ሥራው በ1897 ከጂቡቲ ተጀምሮ፣ በ1902 መጨረሻ ላይ ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። የሐዲዱ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በ1899 እ.ኤ.አ. በዚህች ከተማ «ጂቡቲ» የሚባል የፈረንሳይኛ ጋዜጣ መውጣት ጀመረ፤ ራሱንም «የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ጋዜጣ» ብሎ ይጠራ ነበር። በ1905 «ለ ሰመር ዴትዮፒ»፣ ማለትም «የኢትዮጵያ ዘሪ»፣ የተባለ የፈረንሳይኛ ጋዜጣ በካቶሊክ ሚሲዮናውያን አማካይነት በሐረር ተመሠረተ። በ1913 ደግሞ «ለ ኩርየ ዴትዮፒ» የተባለው ሳምንታዊ የፈረንሳይኛ ጋዜጣ በአዲስ አበባ ታትሞ ወጣ። በፈረንሳይኛ የሚታተሙት ጋዜጦች ከባሕር ዳርቻ ተነሥተው ወደ ደጋ የወጡት፣ ሐዲዱ በሄደበት አቅጣጫ ነው ማለት ይቻላል።

ይህ ለምን ሆነ? የማተሚያ መኪናው፣ ወረቀቱና ቀለሙ የሚመጡት በመርከብ ነበር። ከሁሉም በላይ ጋዜጣውን የሚፈልጉት ነጋዴዎች በዚያው መንገድ ላይ ነበሩ። ከአውሮፓ፣ ከህንድና ከኤደን የሚመጣው ጨርቅ፣ ላምባ፣ ክብሪት፣ ሳሙና፣ ቆርቆሮና መድኃኒት በጂቡቲ ይራገፍ ነበር። ወደ ውጭ የሚሄደው ቡናና ቆዳ ደግሞ በዚሁ በር ይወጣ ነበር። መርከቡ መቼ እንደሚደርስ፣ ዕቃውን ከጉምሩክ የሚያወጣ ወኪል ማን እንደሆነ፣ መንገደኛ የት እንደሚያድር ማወቅ ለነጋዴ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ዜናውና ማስታወቂያው ጎን ለጎን አደጉ።

በአማርኛ በኩልም ቀደምት ጋዜጣ አለን። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ አንድርያስ ካቫድያስ የተባለ የግሪክ ተወላጅ በአዲስ አበባ «አእምሮ» የተባለውን ጋዜጣ አቋቋመ። ስሙን ያወጡለት አፄ ምኒልክ እንደሆኑ ይነገራል። መጀመሪያ ላይ በእጅ እየተጻፈ በ24 ቅጂ ብቻ ይሠራጭ ነበር። በ1917 ዓ.ም. ደግሞ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ያቋቋሙት «ብርሃንና ሰላም» ሳምንታዊ ጋዜጣ መታተም ጀመረ። በ24 ቅጂ ለሚጻፍ ጋዜጣ ነጋዴ ብዙ ገንዘብ አይከፍልም። ማተሚያ ቤት ሲመጣና አንባቢ ሲበዛ ግን ማስታወቂያ ቦታ ያገኛል።

የጋዜጣውን ዋጋ ማን ይከፍላል?

ብዙ ሰው የጋዜጣን ወጪ የሚሸፍነው አንባቢው ብቻ ይመስለዋል። ይህ ልማድ በ1836 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ተለወጠ። ኤሚል ደ ዥራርደን የተባለ አሳታሚ «ላ ፕረስ» የተባለውን ጋዜጣ ሲያቋቁም፣ ሌሎች ጋዜጦች የዓመት ደንበኝነት 80 ፍራንክ ሲያስከፍሉ እርሱ 40 ፍራንክ ብቻ አስከፈለ። የጎደለውን ከማስታወቂያ እሞላለሁ ብሎ አሰበ። ዋጋው ሲቀንስ አንባቢው በዛ፤ አንባቢው ሲበዛ ማስታወቂያ አስነጋሪው በዛ።

በዚያ ዘመን የፈረንሳይ ጋዜጣ አብዛኛውን ጊዜ አራት ገጽ ነበር። አራተኛው ገጽ የማስታወቂያ ገጽ በመሆኑ ይታወቅ ነበር። ሀቫስ የተባለው የዜና ድርጅት ደግሞ ለጋዜጦች ዜና ይሰጥና በክፍያ ፈንታ የማስታወቂያ ቦታ ይቀበል ነበር፤ ያንን ቦታ መልሶ ለነጋዴዎች ይሸጠዋል።

ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። ጋዜጣ ሁለት ነገር ይሸጣል። ለአንባቢው ወረቀቱን ይሸጣል፤ ለነጋዴው ደግሞ የአንባቢውን ዓይን ይሸጣል። ዛሬ በስልካችን «በነጻ» የምናየው ነገር ሁሉ የሚሠራው በዚሁ ስሌት ነው። ነጻ ነው የተባለ ነገር ስታዩ «ታዲያ የሚከፍለው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ማንበብ ለማይችለውስ?

በዚያ ዘመን ወደቡን የገነቡት፣ ሐዲዱን የዘረጉት፣ ሸቀጡን የተሸከሙት ሰዎች፣ ማለትም አፋሮች፣ ሶማሌዎች፣ የመኖችና ኢትዮጵያውያን፣ አብዛኞቹ የፈረንሳይኛ ጋዜጣ አያነቡም ነበር። ነገር ግን ጨርቁን የሚለብሱት፣ ላምባውን የሚያበሩት እነርሱው ነበሩ። ነጋዴው ለእነርሱ የሚናገረው በምልክት ነው። የእንግሊዝ ጨርቅ ነጋዴዎች ወደ እስያና ወደ አፍሪካ በሚልኩት ጣቃ ላይ በቀለም ያሸበረቀ ሥዕል ይለጥፉ ነበር። ገዢው ፊደሉን ባያውቅ ሥዕሉን ያውቃል፤ ባለፈው ዓመት የገዛው ጨርቅ ጠንካራ ከነበረ ያንኑ ሥዕል ፈልጎ ይገዛል።

ስምም እንዲሁ ምልክት ይሆናል። እኛ «አቡጀዲ» የምንለው ጨርቅ በምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ «መሪካኒ» ይባል ነበር፤ ከአሜሪካ ይመጣ ስለነበረ ነው። ሌላ አገር የተሠራ ጨርቅም በኋላ በዚሁ ስም ተሸጧል። የታመነ ስም ሀብት መሆኑን፣ ሌላውም ሊዋሰው ወይም ሊሰርቀው እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

ማስታወቂያ ሁሉ ውሸት አይደለም

«ማስታወቂያ ሁሉ ማታለያ ነው» ማለት ስሕተት ነው። የመርከብና የባቡር መነሻ ሰዓት፣ የባንክ መከፈት፣ የሐኪም መምጣት፣ የመጽሐፍ መታተም በማስታወቂያ ባይነገር ሰው እንዴት ያውቃል?

የስንጀርን የልብስ ስፌት መኪና እንውሰድ። ይህ የአሜሪካ ኩባንያ በዓለም ሁሉ ማስታወቂያ በማሰራጨት ይታወቅ ነበር። መኪናው የተባለለትን ሥራ በርግጥ ይሠራል፤ ስንት ልብስ ሰፊ ቤተሰቡን አኑሮበታል። ኩባንያው ከ1856 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መኪናውን በየወሩ በሚከፈል ገንዘብ መሸጥ ጀመረ። ይህ ድኻው ሰው መሣሪያ እንዲኖረው ረድቷል። ሆኖም በወር የሚከፈለው ትንሽ ገንዘብ ዓይን ይስባል፤ ሲደመር ስንት እንደሚሆን ግን ራሱ ገዢው ማስላት አለበት። ስለዚህ ማስታወቂያው ባይዋሽም እንኳ፣ የሒሳብ ትምህርታችሁ ያስፈልጋችኋል።

ውሸቱ የገነነበት ገበያ

ውሸት ከሁሉ ይበልጥ የበዛው በመድኃኒት ማስታወቂያ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የታመመ ሰው፣ ልጁ የታመመበት ወላጅም፣ ተስፋ ይፈልጋል። ጥቂት ምሳሌዎች እነሆ።

የመጀመሪያው «ፒንክ ክኒን» ነው። በ1900 እ.ኤ.አ. አካባቢ በፈረንሳይ ጋዜጦች ማስታወቂያው በብዛት ይወጣ ነበር። ማስታወቂያው እንደ ዜና ሆኖ ይጻፋል፤ «እገሌ የተባለች የእገሌ ከተማ ነዋሪ ከሞት አፋፍ ተመለሰች» ይላል። ክኒኑ በዋናነት የብረት ንጥረ ነገር ያለበት ነበር። ደም ላነሰው ሊጠቅም ይችላል፤ ማስታወቂያው የሚደረድረውን በሽታ ሁሉ ግን አያድንም።

ሁለተኛው በአሜሪካና በእንግሊዝ ለሕፃናት ይሸጥ የነበረው «የወይዘሮ ዊንስሎ ማስታገሻ ሽሮፕ» ነው። የሚያለቅስ ሕፃን ያስተኛል ይባል ነበር፤ በርግጥም ያስተኛል። በውስጡ ሞርፊን ነበረበትና ሳይነቁ የቀሩ ሕፃናት ነበሩ። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር በ1911 እ.ኤ.አ. ሕፃናትን ከሚገድሉ መድኃኒቶች ተራ መደበው።

ሦስተኛው በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተሸጠው «ራዲቶር» የተባለ ውኃ ነው። ራዲየም የተጨመረበት ነበር፤ ኃይል ይሰጣል ተብሎ ተነገረለት። ኢብን ባየርስ የተባለ ሀብታም ሰው ከ1,000 ጠርሙስ በላይ ጠጥቶ፣ የመንጋጋው አጥንት ተበልቶ በ1932 ሞተ። ይህ ሰው የተማረና ባለጸጋ ነበር። ስለዚህ የሚታለለው ያልተማረ ወይም ድኻ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ልዩነቱ ሌላ ነው፤ ሀብታሙ የጠፋበትን ገንዘብ ሊተካ ይችላል፣ ድኻው ግን አይተካውም።

ገንዘብንም በሚመለከት ትልቅ ምሳሌ አለ። የሩስያ መንግሥት ከፈረንሳይ ሕዝብ ብድር ይሰበስብ ነበር። በ1904 እ.ኤ.አ. ከጃፓን ጋር ጦርነት ሲገጥም የፈረንሳይ ጋዜጦች ስለ ብድሩ መልካም እንዲጽፉ በስውር ይከፍላቸው ጀመር። አንባቢው ዜና የሚያነብ መስሎት የተከፈለበት ማስታወቂያ ያነብ ነበር። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፈረንሳውያን፣ ብዙዎቹም አነስተኛ ገንዘብ ያላቸው ሰዎች፣ ጥሪታቸውን ለብድሩ ሰጡ። በ1918 አዲሱ የሩስያ መንግሥት «ዕዳውን አልከፍልም» አለ። የክፍያው ምስጢር የወጣው በ1923 እና በ1924 «ሉማኒቴ» የተባለው ጋዜጣ ደብዳቤዎቹን ባተመ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ግን ገንዘቡ ሄዷል።

ሕግ ዘግይቶ ይመጣል

ከብዙ ጉዳት በኋላ ሕግ ወጣ። በአሜሪካ በ1905 እ.ኤ.አ. ሳሙኤል ሆፕኪንስ አዳምስ የተባለ ጋዜጠኛ የሐሰተኛ መድኃኒቶችን ጉድ በተከታታይ ጽሑፍ አጋለጠ። በ1906 የምግብና የመድኃኒት ሕግ ወጥቶ፣ እንደ ሞርፊንና አልኮል ያሉት አደገኛ ነገሮች በጠርሙሱ ላይ እንዲጻፉ አስገደደ። በአገራችንም በ2004 ዓ.ም. የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 ወጥቶ አሳሳች ማስታወቂያን ከልክሏል።

ይሁንና ሕግ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነው። ድንበር ተሻግሮ በስልክ የሚመጣን ማስታወቂያ ደግሞ የትኛውም አገር ሕግ በቀላሉ አይዘውም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጠባቂ ራሱ አንባቢው ነው።

እንደ ጠገራ ብር መርምሩ

አያቶቻችን ጥሩ ልማድ ነበራቸው። በዚያ ዘመን ከጂቡቲ እስከ አዲስ አበባ የሚገበያዩበት ዋናው ገንዘብ የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ነበር። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው፤ በማንኛውም ዓመት ቢመታ የሚጻፍበት ዓመት 1780 ነው። ገበሬውና ነጋዴው ጠገራውን ዝም ብለው አይቀበሉም ነበር። ገልብጠው ያያሉ፣ ድምፁን ያዳምጣሉ፣ በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉት ሉሎች መሟላታቸውን ይቆጥራሉ። ፊደል ያልቆጠሩት እንኳ ይህን ያደርጉ ነበር።

ማስታወቂያንም እንደዚሁ እንመርምር። አራት ጥያቄዎች ይበቃሉ።

1. የሚናገረው ማን ነው? ስሙ፣ አድራሻው፣ መሥሪያ ቤቱ ይታወቃል? ወይስ የስልክ ቁጥር ብቻ ነው?
2. ምን ይላል፣ ምንስ ይሸሽጋል? ጠቅላላ ዋጋው ስንት ነው? ካልተሳካ ገንዘቡ ይመለሳል?
3. የሚመሰክርለት ማን ነው? ምስክሩን እናውቀዋለን ወይስ በወረቀት ላይ ያለ ስም ብቻ ነው?
4. ለምን ያስቸኩለኛል? እውነተኛ ነገር ነገም እውነት ነው። «ዛሬ ካልከፈልክ» የሚል ሰው እንድታስብ አይፈልግም።

ለእኛ ለስደተኞች

ዛሬ በስደተኞች መካከል የሚዞረው አሳሳች ማስታወቂያ ስለ ቪዛ፣ ስለ ውጭ አገር ሥራ፣ ስለ ጀልባ ጉዞና ወደ ሦስተኛ አገር ስለ መዛወር ነው። አሠራሩ ግን የፒንክ ክኒኑ ነው። የአንድ ሰው ስምና ፎቶግራፍ ይወጣል፤ «እገሌ ባለፈው ወር ደረሰ» ይባላል፤ ያልደረሱት አይቆጠሩም።

ስለዚህ ይህ ይታወቅ፦ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን አገልግሎት በሙሉ በነጻ ነው። ለምዝገባም ሆነ ወደ ሦስተኛ አገር ለመዛወር ገንዘብ አይጠየቅም። «ስምህን ከዝርዝር አስገባለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው፣ የሚሸጠው የእርሱ ያልሆነውን ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም ገንዘብ ከመስጠት በፊት ወደ ኮሚሽኑ ወይም ወደ ጂቡቲ መንግሥት የስደተኞች መሥሪያ ቤት ወደ ኦናርስ ሄዶ መጠየቅ ይገባል።

ወላጆች ሆይ፤ ልጆቻችሁ ማንበብ ችለዋልና ወረቀቱንም የስልኩንም መልእክት አብራችሁ አስነብቧቸው። ልጆችም፣ እናትና አባታችሁን ስትረዱ አትቸኩሉ፤ ትንንሹን ጽሑፍ ጭምር አንብቡላቸው። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እንደሚባለው፣ አስፈላጊ ላልሆነ ነገር በማስታወቂያ ተገፋፍቶ ዕዳ ውስጥ መግባትም ጉዳት ነው።

የቃላት ፍች

ሸቀጥ፦ ለሽያጭ የሚቀርብ ዕቃ።
ጣቃ፦ ተጠቅልሎ የሚሸጥ ያልተቆረጠ ጨርቅ።
ወኪል፦ በሌላው ስም የሚሠራ ሰው ወይም ድርጅት።
አሳታሚ፦ ጋዜጣን ወይም መጽሐፍን አሳትሞ የሚያወጣ።
ጥሪት፦ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ሀብት።

ጥያቄዎች

1. የፈረንሳይኛ ጋዜጦቹ የሐዲዱን መንገድ ተከትለው የተቋቋሙት ለምንድን ነው?
2. «ጋዜጣ ሁለት ነገር ይሸጣል» ሲባል ምን ማለት ነው?
3. አንድ የስፌት መኪና በየወሩ 2,500 ፍራንክ ለ18 ወር ይከፈልበታል። በአንድ ጊዜ ለሚከፍል ግን 36,000 ፍራንክ ነው። በየወሩ የሚከፍለው ሰው ስንት ፍራንክ ይጨምራል?
4. የሚከተለውን ለመልመጃ የተዘጋጀ ማስታወቂያ በአራቱ ጥያቄዎች መርምሩ፦ «በአንድ ወር ወደ ውጭ! የቀረን ቦታ ሦስት ብቻ ነው። ዛሬውኑ 200 ዶላር ይላኩ። ለማንም አይናገሩ።» መልሳችሁን ጻፉና ቤት ወስዳችሁ ለወላጆቻችሁ አንብቡላቸው።